ፍተሻውን ሁሉ ያለፈው ቺፕ፦ አንድ የኢንቴል ጉዳይና የቺፕ ፍተሻ ኢንተርንሺፕ መስፈርቶች

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 2011 ኢንቴል ማንም ኩባንያ ማውጣት የማይፈልገውን ዓይነት መግለጫ አወጣ። ገበያ ላይ ከዋለ ገና ሦስት ሳምንት ያህል የሆነው አዲሱ ቺፕሴት የዲዛይን ስህተት ተገኝቶበታል። ለደንበኞች መላኩ ቆሟል። የተስተካከለው በፌብሩዋሪ መጨረሻ መውጣት ይጀምራል፤ በሙሉ አቅም የሚመረተው ግን ኤፕሪል ላይ ነው። ገንዘቡም አብሮ ተነገረ። ከሩብ ዓመቱ ገቢ ወደ 300 ሚሊዮን ዶላር ይቀንሳል፤ የተሸጠውን ለመጠገንና ለመተካት ደግሞ በድምሩ ወደ 700 ሚሊዮን ዶላር ይወጣል።

ቺፕሴቱ ኩጋር ፖይንት በሚል መጠሪያ ይታወቃል። ሳንዲ ብሪጅ ከተባሉት ፕሮሰሰሮች ጋር አብሮ የወጣ ነው። ፕሮሰሰሩ ምንም አልነበረበትም። ችግሩ ያለው ከጎኑ ተቀምጦ ሃርድ ዲስኩንና ዲቪዲውን በሚያገናኘው ቺፕ ላይ ነበር።

ይህ ቺፕ ደግሞ ሳይፈተሽ ያመለጠ አይደለም። የኢንቴልን የውስጥ ማረጋገጫ አልፏል። ኮምፒውተር አምራቾቹም በራሳቸው መንገድ ፈትሸው፣ ይሁን ብለው ተቀብለውታል። ሁሉም ፍተሻ "ደህና ነው" ያለው ቺፕ ነው ይህን ሁሉ ገንዘብ የበላው።

የቆየውን ታሪክ የማነሳው ኢንቴልን ለመውቀስ አይደለም። በቺፕ ፍተሻ ዘርፍ ኢንተርንሺፕ የሚፈልጉ የምህንድስና ተማሪዎች የመስፈርቱን ዝርዝር አይተው ግራ ሲገባቸው ስለማይ ነው። ዝርዝሩ በየኩባንያው ተመሳሳይ ነው ማለት ይቻላል። ኤሌክትሪካል ወይም ኮምፒውተር ምህንድስና የሚማር። አናሎግና ዲጂታል ሰርኪዩት የወሰደ። የሴሚኮንዳክተር ፊዚክስ የሚገባው። ፓይተን፣ ሲ ፕላስ ፕላስ ወይም ጃቫ የሚጽፍ። ኦሲሎስኮፕና መልቲሜትር የነካ። ስታቲስቲክስ የሚያውቅ። በጽሑፍና በቃል በደንብ የሚግባባ። ተማሪው ይህን ሲያነብ "አንድ ሰው ነው ወይስ አምስት ሰው የሚፈልጉት?" ቢል አይፈረድበትም። ከዚያም የሚቀለውን ይይዛል። ፕሮግራሚንጉን ያሳምራል፤ ሌላውን በሲቪው ላይ ስሙን ብቻ ጠቅሶ ያልፋል። ኩጋር ፖይንትን በቅርብ ያየ ሰው ግን የቱ መስመር ክብደት እንዳለው ይረዳል።

የተበላሸው ምን ነበር?

ቺፕሴቱ ሃርድ ዲስክና ዲቪዲ የሚሰኩባቸው፣ ሳታ የሚባሉ ስድስት መሰኪያዎች አሉት። ሁለቱ በሴኮንድ 6 ጊጋቢት፣ አራቱ ደግሞ 3 ጊጋቢት ያስተላልፋሉ። ሁለቱ ፈጣኖች ጤነኛ ነበሩ። ለአራቱ የሰዓት ምት፣ ማለትም የሥራቸውን ፍጥነት የሚመራ ምልክት፣ በሚያድለው ሰርኪዩት ውስጥ ግን አንድ ትራንዚስተር ነበር፤ ጣጣው ሁሉ የመጣው ከእሱ ነው።

ኢንቴል በወቅቱ ለቴክኖሎጂ ጋዜጠኞች እንዳብራራው፣ የዚህ ትራንዚስተር ጌት ኦክሳይድ፣ ማለትም መቆጣጠሪያውን ከረንት ከሚያልፍበት መንገድ የሚለየው መከላከያ ንጣፍ፣ በጣም ስስ ነው። ስስ ኦክሳይድ ያለው ትራንዚስተር በትንሽ ቮልቴጅ ይበራል፤ የሚፈለግበትም ምክንያት ይኸው ነው። ለዚህኛው ግን የተሰጠው ቮልቴጅ ከሚገባው በላይ ሆነ። በዚህ የተነሳ ከተጠበቀው በላይ ሊኬጅ ታየ፤ ማለትም ማለፍ የሌለበት ከረንት ሾልኮ ያልፍ ጀመር። ሊኬጁ በአንዳንዱ ቺፕ ላይ ከጊዜ ጋር እየጨመረ ይሄዳል። ሲጨምር የሰዓት ምቱ ጥራት ይጓደላል። የምቱ ጥራት ሲጓደል በመሰኪያው የሚያልፈው ዳታ ስህተት ይበዛበታል። መጨረሻ ላይ መሰኪያው ከነጭራሹ ይጠፋል።

የሚያናድደው ደግሞ ትራንዚስተሩ ለምንም የማያስፈልግ መሆኑ ነው። ከቀደመ ዲዛይን ተርፎ የቀረ ነበር። ስለዚህ ጥገናው ከበሽታው ጋር ሲተያይ ቀላል ሆነ። የብረት ንጣፉን ስዕል ቀይሮ ለትራንዚስተሩ ኃይል የሚያደርሰውን መስመር መቁረጥ በቂ ነበር። ከሥር ያሉትን የትራንዚስተር ንጣፎች መንካት አላስፈለገም። የተስተካከለው ቺፕ በሳምንታት ጊዜ ውስጥ ይደርሳል ለማለት የተቻለውም በዚህ ምክንያት ነው።

ምን ያህሉ ይበላሻል? በሦስት ዓመት አገልግሎት 5 በመቶ ያህሉ፣ አጠቃቀሙ ከበረታ ደግሞ ከዚያም በላይ የሚል ግምት ነበር የተሰጠው። ይህን 5 በመቶ ያዙት፤ ስታቲስቲክሱ ላይ ስንደርስ እንመለስበታለን።

ፍተሻው ለምን አላየውም?

እያንዳንዱ ቺፕ ከፋብሪካ ከመውጣቱ በፊት አብዛኛውን ጊዜ ቢያንስ ሁለት ጊዜ ይፈተሻል። መጀመሪያ ገና ዌፈሩ (ቺፖቹ ተቆርጠው የሚወጡበት ክብ የሲሊከን ሳህን) ላይ እያለ ቀጫጭን መርፌዎች ያርፉበትና ይለካል። ቀጥሎ ተቆርጦ፣ ታሽጎ፣ እግር ካወጣ በኋላ እንደገና ይለካል። መሣሪያው አውቶማቲክ ቴስተር ይባላል። በዓለም ላይ በዚህ ገበያ ጎልተው የሚታወቁት አምራቾች ሁለት ናቸው፦ አድቫንቴስትና ቴራዳይን። ቴስተሩ እያንዳንዱ እግር መገናኘቱን ያያል። ሊኬጅና የኃይል ፍጆታ ይለካል። የዲጂታል ክፍሉን አስቀድሞ በተዘጋጀ የዜሮና የአንድ ጅረት ይፈትሻል። ፈጣን መሰኪያዎችን ራሳቸው የላኩትን ራሳቸው እንዲቀበሉ አድርጎ ያዳምጣል። ይህ ሁሉ አብዛኛውን ጊዜ የሚያልቀው በሴኮንዶች ውስጥ ነው።

በሴኮንዶች ውስጥ የሚታየው ደግሞ ቺፑ ዛሬ ምን እንደሚመስል ነው። ኩጋር ፖይንት በመጀመሪያው ቀን ጤነኛ ነበር። ሊኬጁ ገና አላደገም። "ታዲያ ሊኬጁን በቀጥታ ለምን አይለኩም?" ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ ጥሩ ጥያቄ ጠይቋል። መልሱ ቺፑ ውስጥ ያሉት ትራንዚስተሮች እጅግ ብዙ መሆናቸው ነው። ሁሉም ትንሽ ትንሽ ያሾልካሉ። ከውጭ የሚለካው ድምሩ ነው። የአንዱ ትራንዚስተር ትርፍ ከረንት በዚያ ድምር ውስጥ ይዋጣል። ከገበያ ጫጫታ መሃል የአንድ ሰው ሹክሹክታ ለይቶ እንደመስማት ነው።

እርጅናን ለማየት ሌላ ዓይነት ፍተሻ አለ። ከምርቱ ጥቂት ናሙና ተወስዶ ምድጃ ውስጥ በከፍተኛ ሙቀትና በከፍተኛ ቮልቴጅ ለረጅም ሰዓት ይሠራል። ጄዴክ የተባለው የኢንዱስትሪው የደረጃዎች ድርጅት ያወጣው የተለመደ አሠራር 125 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ 1,000 ሰዓት ነው። ናሙናው ከሦስት የተለያዩ የምርት ዙሮች 77፣ 77 ቺፕ ነው። አንድም መውደቅ የለበትም።

ሙቀት ለምን ጊዜን እንደሚያሳጥር በአርሄኒየስ ቀመር ይሰላል። ቀመሩ ብልሽቱ በሙቀት ምን ያህል እንደሚፈጥን የሚናገር ቁጥር ይፈልጋል፤ በብዛት የሚወሰደውን 0.7 ኤሌክትሮን ቮልት ብንይዝ፣ 125 ዲግሪ ላይ ያለ ቺፕ 55 ዲግሪ ላይ ካለው 78 ጊዜ ያህል ፈጥኖ ያረጃል። 1,000 ሰዓቱ ወደ 9 ዓመት ይጠጋል ማለት ነው። በወረቀት ላይ ሲያዩት የሚያኮራ ቁጥር ነው። ነገር ግን 0.7 የሁሉም በሽታ ቁጥር አይደለም። አንዳንዱ ብልሽት ሙቀት ብዙም አያፈጥነውም፤ ቮልቴጅ ነው የሚያፈጥነው። ስስ ኦክሳይድን በተለይ የሚጎዳው ቮልቴጅ ነው። ፊዚክሱን የማያውቅ ሰው ሁሉንም በአንድ ቀመር ይመታና "9 ዓመት" ብሎ ሪፖርት ይጽፋል። የሴሚኮንዳክተር ፊዚክስ መስፈርቱ ውስጥ የገባው ለጌጥ አይደለም።

አሁን ወደ 5 በመቶው እንመለስ። 77 ቺፕ ፈትሸን አንድም ካልወደቀ ምን ማለት እንችላለን? እውነተኛው የብልሽት መጠን 3 በመቶ ቢሆን ኖሮ፣ 77ቱም በአጋጣሚ የማለፍ ዕድላቸው ከ10 በመቶ ትንሽ ያነሰ ነው፤ 0.97ን 77 ጊዜ እርስ በርሱ ማባዛት ነው። ስለዚህ "ብልሽቱ ከ3 በመቶ በታች ነው" ስንል ወደ 90 በመቶ የሚሆን እምነት አለን። ሦስቱም ዙሮች ተደምረው 231 ሲሆኑ በዚሁ እምነት "ብልሽቱ ከ1 በመቶ በታች ነው" ማለት እንችላለን። ብልሽቱ 5 በመቶ ከሆነ ደግሞ 77 ቺፕ ብቻ እንኳን ሁሉም የማለፍ ዕድላቸው 2 በመቶ ገደማ ነው። በ231 ከሆነ ዕድሉ ከምንም አይቆጠርም።

እንግዲህ እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚጣፍጠው። በሂሳቡ ከሄድን በትክክል የተነጣጠረ የእርጅና ፍተሻ 5 በመቶን የሚያህል ብልሽት ማየት ነበረበት። የናሙናው ቁጥር በቂ ነው። ስለዚህ ጥያቄው ከቁጥሩ ወደ ሌላ ቦታ ይዞራል። ምድጃ ውስጥ ያለው ቺፕ የትኛው ክፍሉ ኃይል አግኝቶ እየሠራ ነው? የተጠረጠረው ሰርኪዩት ላይ የሚያርፈው ቮልቴጅ እውነተኛው ኮምፒውተር ውስጥ የሚያርፈው ነው? ቺፑ ከምድጃ ሲወጣስ የሚለካው ምንድን ነው?

የመጨረሻዋ ጥያቄ ቀላል ትመስላለች፤ ግን ብዙ የምትጎዳው እሷ ናት። ሳታ የዳታ ስህተት ሲያጋጥም የሚያውቅበት ዘዴ አለው፤ ያልደረሰው ዳታም እንደገና ሊላክ ይችላል። ተጠቃሚው መጀመሪያ የሚሰማው መዘግየት ነው። ስለዚህ ፍተሻው "ዲስኩ ተጻፈ? ተነበበ? እሺ፣ አልፏል" የሚል ከሆነ፣ ግማሽ የታመመ መሰኪያም ያልፋል። የስህተቱን ቁጥር የሚቆጥር ፍተሻ ግን በሽታውን ገና ሲጀምር ያየዋል። አልፏል ወይም ወድቋል የሚለው መልስ ከሥሩ ያለውን ቁጥር ይደብቃል። የፍተሻ ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው በየቀኑ የሚወስነው ይህንኑ ነው።

ምልክቱ በመጨረሻ የመጣው ከደንበኞች ነው። ኮምፒውተር አምራቾች ችግር አይተው ለኢንቴል አሳወቁ። ኢንቴልም ሙቀትና ቮልቴጅ ከፍ አድርጎ ችግሩን በራሱ ላቦራቶሪ ደገመው፤ ከዚያ መግለጫው ወጣ። ከሳምንት በኋላ፣ ፌብሩዋሪ 7 ላይ፣ ኩባንያው አራቱን መሰኪያዎች ለማይጠቀሙ አምራቾች ብቻ ችግር ያለበትን ቺፕ መልሶ መላክ ጀመረ። ሁለቱ ፈጣን መሰኪያዎች ብቻ ለሚበቁት ላፕቶፕ ቺፑ ምንም አይሆንም። ይህ ውሳኔ ለብዙዎች እንግዳ ነው። ለፍተሻ ሰው ግን የተለመደ አስተሳሰብ ነው፤ ቺፑ መጥፎ ነው ወይስ ጥሩ የሚለው ምን እንደሚሠራበት ሳይታወቅ አይመለስም።

መስፈርቱን አሁን እናንብበው

የትምህርት ዓይነትና ዓመት የሚሉትን ቶሎ ልለፋቸው። አብዛኛው ቦታ ሦስተኛ ዓመት የጨረሰ ወይም ማስተርስ የሚማር ይፈልጋል። ምክንያቱ ኮርሶቹ ናቸው፤ ከዚያ በፊት አናሎግ ሰርኪዩት የወሰደ ተማሪ ጥቂት ነው። ቆይታው ብዙውን ጊዜ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ነው። ስድስት ወር የሚጠይቁት ለክፋት አይደለም። ቴስተሩን መልመድ ራሱ ሳምንታት ይፈጃል። ቺፑ የሚቀመጥበት ቦርድ ተነድፎ ተሠርቶ እስኪመጣ ሌላ ሳምንታት አለ። ግሬድ በር ይከፍታል፤ ከበሩ ወዲያ ብዙም አይነሳም።

"በአውቶማቲክ ቴስተር ላይ ልምድ ቢኖረው ይመረጣል" የሚለው መስመር ብዙ ተማሪ ያስደነግጣል። አትደንግጡ። የአንዱ ማሽን ዋጋ ሚሊዮን ዶላርና ከዚያም በላይ ሊሆን ይችላል። ተማሪ ነካ ብሎ የሚጠብቅ የለም። እንዲያውም በእኔ እይታ ይህ መስመር ከዝርዝሩ ቢወጣ ይሻላል፤ ማመልከት የነበረበትን ሰው ከማስቀረት ሌላ ጥቅም አላየሁበትም።

ፕሮግራሚንግ ላይ ተማሪው የሚያነሳው የመጀመሪያ ጥያቄ "የትኛው ቋንቋ?" ነው። የቴራዳይን አይጂ ኤክስኤል የተባለው ሶፍትዌር ኤክሴል ላይ የተገነባ ነው፤ ኮዱ በብዛት የሚጻፈው በቪዥዋል ቤዚክ ነው። የአድቫንቴስት ቪ93000 የተባለው ቴስተር ለረጅም ጊዜ በሲ ፕላስ ፕላስ ነበር፤ አዲሱ ሶፍትዌሩ ወደ ጃቫ ዞሯል። ዳታውን የሚተነትኑት ደግሞ በብዛት በፓይተን ነው። እንግዲህ የትኛውን ልታጠኑ ነው? አንዱን በደንብ የሚያውቅ ሌላውን ለመልመድ ብዙ አይቸገርም። የሚከብደው ሌላ ነው። የፍተሻ ኮድ ከሶፍትዌር ኮድ የሚለየው በእውነተኛ ዕቃ ላይ መሮጡ ነው። ኃይል ስጥ፣ ጠብቅ፣ ለካ፣ ከገደቡ ጋር አወዳድር፣ መዝግብ፣ መድብ። "ጠብቅ" የምትለዋ ቃል ውስጥ ብዙ ነገር አለ። ካፓሲተሩ እስኪሞላ ካልጠበቃችሁ የተሳሳተ ቁጥር ትለካላችሁ። ከልክ በላይ ከጠበቃችሁ ደግሞ ገንዘብ ታቃጥላላችሁ። በአንድ ቺፕ ላይ አንድ ሴኮንድ ማትረፍ ምንም አይመስልም። ቺፑ አንድ ሚሊዮን ሲሆን ግን 278 ሰዓት የቴስተር ጊዜ ነው። ኢንተርኖች በብዛት ከሚሰጧቸው ሥራዎች አንዱ ይኸው ነው፦ አንድ ፍተሻ ወስዶ ሳያበላሹ ማሳጠር።

ሳያበላሹ የሚለውን ያሰመርኩበት በምክንያት ነው። ጊዜ ለመቆጠብ ተብሎ የሚቆረጠው ፍተሻ አብዛኛውን ጊዜ "ምንም ጥሎ አያውቅም" የተባለው ነው። ምንም ያልጣለው ሁሉም ጤነኛ ስለሆነ ነው ወይስ ማየት ስለማይችል? መልሱ ዳታው ውስጥ አለ። ግን ዳታውን ማንበብ የሚችል ሰው ይፈልጋል።

ይህ ነው ስታቲስቲክስን ከዝርዝሩ ሁሉ በላይ እንድመዝነው የሚያደርገኝ። ብዙ ተማሪ ፕሮባቢሊቲ ኮርስ ወስዶ "ኤ" አግኝቷል። ግን የሺህ ቺፖች የሊኬጅ ልኬት ፊቱ ቢቀርብለት አማካዩን አውጥቶ ያቆማል። አንድ ምሳሌ ልስጥ። ገደቡ 100 ማይክሮ አምፔር ነው እንበል። ቺፖቹ ሁሉ 10 አካባቢ ናቸው። አንዱ 60 አሳየ። ይለፍ ወይስ ይውደቅ? በገደቡ ከሄድን አልፏል። ነገር ግን ከወንድሞቹ ስድስት እጥፍ የሚያሾልክ ቺፕ ውስጡ የሆነ ነገር አለ። ለመኪና የሚሠሩ ቺፖች ላይ እንዲህ ዓይነቱ ቺፕ ከገደቡ በታች ቢሆንም እንዲጣል የሚያዝ የታወቀ አሠራር አለ፤ ፓርት አቬሬጅ ቴስቲንግ ይሉታል። ገደቡ ከመጽሐፍ አይመጣም፤ ከቺፖቹ ከራሳቸው ስርጭት ይሰላል። በኢንተርቪው ላይ ይህን ጥያቄ ተጠይቆ "60 ከ100 ያንሳል፣ ያልፋል" የሚል ተማሪና "የሌሎቹን ስርጭት አሳዩኝ" የሚል ተማሪ አንድ አይደሉም።

አንድ ጥያቄ ደግሞ ከዚህ ይቀድማል። 60ው እውነት 60 ነው? ወይስ ቺፑ የተቀመጠበት ሶኬት ቆሽሾ ነው? ይሄ ኦሲሎስኮፕና መልቲሜትር ወደሚለው የላቦራቶሪ መስፈርት ይወስደናል። ኦሲሎስኮፕ ማብራት ማንም ይለምዳል። የሚፈለገው መሣሪያውን መጠርጠር ነው። አንድ ቺፕ 1 አምፔር ይስባል፤ ኃይሉ የሚያልፍበት ግንኙነት 0.1 ኦም ሬዚስታንስ አለው እንበል። 0.1 ቮልት መንገድ ላይ ቀረ። 1 ቮልት የሰጣችሁት ቺፕ የደረሰው 0.9 ነው። ፍተሻው ቢወድቅ ጥፋቱ የማን ነው? መፍትሔው ሁለት ሽቦ ከረንቱን እንዲያደርስ፣ ሌላ ሁለት ሽቦ ደግሞ ቺፑ ጋ ያለውን ቮልቴጅ ብቻ እንዲለካ ማድረግ ነው። ኬልቪን ግንኙነት የሚባለው ይህ ነው። በአንድ ወረቀት ላይ ሊሳል የሚችል ነገር ነው፤ ኢንተርቪው ላይም ደጋግሞ የሚወጣ ነው።

በኩጋር ፖይንት ጉዳይ ይህ ጥርጣሬ በሁለቱም በኩል ይሠራል። የመሰኪያ ብልሽት ሪፖርት ሲመጣ ገመዱ ሊሆን ይችላል፣ ዲስኩ ሊሆን ይችላል፣ ማዘርቦርዱ ሊሆን ይችላል። ቺፑ ነው ለማለት ሌላውን ሁሉ አንድ በአንድ ማውጣት ያስፈልጋል። ከዚያ ችግሩን በፈለጉት ሰዓት መድገም ያስፈልጋል። መደገም ያልቻለ ብልሽት ለዲዛይነሩ ወሬ ነው። ሙቀቱን ስንት ላይ፣ ቮልቴጁን ስንት ላይ፣ ከስንት ሰዓት በኋላ፣ በየትኛው መሰኪያ የሚለው ተጽፎ ሲቀርብለት ብቻ ነው ስዕሉን የሚከፍተው።

"በጽሑፍ የመግባባት ችሎታ" የሚለውን ተማሪ ሁሉ እንደ ማሟያ ነው የሚያየው። በፍተሻ ሥራ ግን ዋናው ምርት ሪፖርቱ ነው ብል አላጋነንኩም። ቴስት ኢንጂነር ለዲዛይነሩ "ሥራህ ስህተት አለበት" ይላል፤ ለምርት ክፍሉ "አቁሙ" ይላል። ሁለቱም ይህን መስማት አይወዱም። ቁጥሩ በግልጽ ካልተቀመጠ ማንም አይሰማውም። የአንድ ገጽ ሪፖርት ምሳሌ ከማመልከቻ ጋር ያያዘ ተማሪ ብዙ አይገኝም። ለዚህ ነው የሚታየው።

ቴስተር ሳይኖር እንዴት ይዘጋጃል?

የሚያስፈልገው ትንሽ ነው። ሃያ ወይም ሠላሳ አንድ ዓይነት ርካሽ ዕቃ፤ ኤልኢዲ ቢሆን፣ ተራ ትራንዚስተር ቢሆን፣ የቮልቴጅ ሬጉሌተር ቢሆን። አንድ ማይክሮኮንትሮለር ወይም ጥሩ መልቲሜትር። ሁሉንም በአንድ ዓይነት ሁኔታ ለኩ። ከዚያ አንዱን ብቻ አንስታችሁ፣ እያወጣችሁ እያስገባችሁ፣ ሠላሳ ጊዜ ለኩ። ሁለተኛው ልኬት የመሣሪያውን መዋዠቅ ይነግራችኋል፤ የመጀመሪያው የመሣሪያውንና የዕቃዎቹን ልዩነት በአንድ ላይ። ሁለቱን መለየት ካልቻላችሁ ገደብ ማስቀመጥ አትችሉም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ደርሶ የራሱ ልኬት ከዕቃዎቹ ልዩነት በላይ እንደሚዋዥቅ ሲያይ ይደነግጣል። መደንገጡ ጥሩ ነው፤ ሶኬቱን ማስተካከል የሚጀምረው ያኔ ነው።

ቀጥሎ ሙቀት ጨምሩበት። ኤልኢዲውን በመግለጫ ወረቀቱ ላይ ከተጻፈው ከፍተኛ የሙቀት ገደብ አጠገብ አድርሳችሁ ለኩ፤ ገደቡን ሳታልፉ። ቮልቴጁ በየዲግሪው ስንት እንደሚወርድ አውጡ። ሁሉም እኩል ይወርዳል ወይስ አንዱ የተለየ ነው? የተለየው ዕቃ ሲሞቅ ይለይ እንጂ በክፍል ሙቀት ከሌሎቹ ጋር ይመሳሰል ይሆናል። ከዚያ ገደብ አስቀምጡ። ከመግለጫ ወረቀቱ ላይ የተገለበጠ ሳይሆን ራሳችሁ በለካችሁት ስርጭት የተሰላ። የመሣሪያችሁን መዋዠቅ ያህል ገደቡን ወደ ውስጥ ሰብሰብ አድርጉት። የሚወድቅ ካለ ለምን እንደጣላችሁት በአንድ አንቀጽ ጻፉ።

ኮዱን፣ ጥሬ ዳታውንና ሪፖርቱን አንድ ላይ አስቀምጡ። ሲቪ ላይ የምትጽፉት "ፓይተን፣ ኦሲሎስኮፕ፣ ስታቲስቲክስ" ከሚል ዝርዝር ይልቅ አንድ መስመር ይሁን። ስንት ዕቃ ለካችሁ፣ መዋዠቁ ስንት ነበር፣ ገደቡን ምን ላይ አስቀመጣችሁ፣ ምን ወደቀ። የሚያነበው ኢንጂነር ወዲያው የሚጠይቃችሁ ጥያቄ ይኖራል። ያልወደቀ ግን መጥፎ የሆነ ዕቃ ሊኖር ይችላል? ካለስ ምን ብትለኩ ታገኙት ነበር? ያልለካችሁትን ነገር በስም ዘርዝራችሁ፣ ለእያንዳንዱ ደግሞ ስንት ናሙናና ስንት ሰዓት እንደሚፈልግ ግምታችሁን ይዛችሁ ግቡ።